የኅብረተሰብ ተሳትፎ በተላላፊ በሽታዎች መከላከል፦ በሄርማታና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች የሚታዩ ማኅበራዊ ሁኔታዎች

ተላላፊ በሽታ ከሰው ወደ ሰው፣ ከውኃ ወደ ሰው ወይም በትንኝና በመሰል ነፍሳት አማካይነት የሚጓዝ በመሆኑ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ጥንቃቄ አድርጎ ሙሉ በሙሉ ሊከላከለው አይችልም። የጎረቤት መጸዳጃ ቤት፣ የገበያው ውኃ፣ የቡና ለቃሚው ማደሪያና የልቅሶው ድንኳን ሁሉ የአንዱን ጤና ከሌላው ጤና ጋር ያስተሳስራሉ። በዚህም ምክንያት የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከጤና አገልግሎቱ ጎን የሚቆም ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የመከላከል ሥራው መሠረት ነው።

የኅብረተሰብ ተሳትፎ ሲባል ነዋሪዎች ትእዛዝ ተቀብለው መፈጸማቸው ብቻ አይደለም። የበሽታ ምልክት ሲያዩ ማሳወቅ፣ በወቅቱ መታከም፣ ልጆችን ማስከተብ፣ አካባቢን ማጽዳት፣ የታመመን ጎረቤት ሳያገሉ መደገፍ፣ እንዲሁም የመከላከያ እርምጃዎች ሲወሰኑ ሐሳብ መስጠት ሁሉ በውስጡ ይካተታሉ። ሰዎች በዚህ ሥራ የሚሳተፉት መረጃ ስለደረሳቸው ብቻ አይደለም። መልእክቱን ያመጣውን ሰው ሲያምኑ፣ የተጠየቁት ነገር የዕለት ጉርሳቸውን የማያሳጣቸው ሲሆን፣ ከጎረቤትና ከእድር የማይነጥላቸው መሆኑን ሲያረጋግጡ ተሳትፏቸው ይጠነክራል። ይህ ጽሑፍ ሄርማታንና በጅማ ዙሪያ የሚገኙትን የቡና ከተሞች በምሳሌነት በመውሰድ እነዚህን ማኅበራዊ ሁኔታዎች ያብራራል፤ በመጨረሻም ነዋሪዎች ሊያገኟቸው የሚችሉትን አገልግሎቶች ይጠቁማል።

ሄርማታ፦ በገበያ ዙሪያ ያደገች

ሄርማታ በጅማ ከተማ የሚገኝ ነባር ሰፈርና የገበያ ስፍራ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን በጅሬን ኮረብታ ላይ አድርገው ጅማን እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ሲያስተዳድሩ፣ ከኮረብታው በታች የነበረው የሄርማታ ገበያ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። የዛሬዋ ጅማ ከተማም ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። በ1950ዎቹ የጅማን ታሪክና ማኅበራዊ ሕይወት ያጠኑት የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ የሐሙስ ገበያው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ እንደሆነና በበጋ ወራት እስከ 30 ሺህ ሰው ሊሰበስብ እንደሚችል ጽፈዋል።

ይህ ታሪክ ለጤና ጥበቃ ትርጉም አለው። በአንድ ቀን ከአጋሮ፣ ከማና፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከሰርቦና ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጣ ሕዝብ አንድ ቦታ ተገናኝቶ ማታ ወደየቤቱ ሲመለስ በሽታም ወሬም አብረውት ይጓዛሉ። ገበያው የበሽታ መተላለፊያ ሊሆን የሚችለውን ያህል ትክክለኛ መረጃ በአንድ ቀን ወደ ብዙ ቀበሌዎች የሚደርስበት መንገድ ሊሆንም ይችላል። በገበያው ውስጥ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና በሚገባ የሚወገድ ቆሻሻ ሲኖር ጥቅሙ ለሄርማታ ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን ለዙሪያው ገጠር ሁሉ ይተርፋል። በተቃራኒው ከተማዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ የሚጣል ቆሻሻ ከወንዙ በታች ያሉትን ነዋሪዎች ለአደጋ ያጋልጣል።

እምነት፦ መልእክቱን የሚያደርሰው ማን ነው?

በሽታን የመከላከል መልእክት ከመሰማቱ በፊት የሚመዘነው መልእክተኛው ነው። አንድ ሰው በማያውቀው ቋንቋ፣ በማያውቀው ሰው፣ በችኮላ የተነገረውን ምክር ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። ያንኑ ምክር በሕመሙ ጊዜ የጠየቀችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የደብሩ ካህን ወይም የእድሩ ሰብሳቢ በራሱ ቋንቋ ሲነግሩት ግን ያዳምጣል። በጅማና በአካባቢዋ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ የምኛ፣ ዳውሮኛ፣ ካፊኛ፣ የጉራጌ ቋንቋዎችና ሌሎችም ይነገራሉ። በመሆኑም መልእክቱ አድማጩ በቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ መተላለፉ መሠረታዊ የአገልግሎት ጉዳይ ነው።

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰዎች በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ክልከላው አብሮ መስገድን፣ ቅዳሴን፣ ልቅሶንና ሠርግን ሁሉ የሚነካ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ በአዋጅ ብቻ በሰው ልብ ውስጥ አይገባም። የሃይማኖት አባቶች በቤት ውስጥ መጸለይ እምነትን መተው አለመሆኑን፣ የእድር መሪዎችም ከድንኳን መቅረት ወዳጅን መክዳት አለመሆኑን ሲያስረዱ ሰው ያለ ጸጸት ለመጠንቀቅ ይችላል።

እምነት በአንድ ቀን አይገነባም፤ በአንድ ስሕተት ግን ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ አንድ ነገር ተነግሮ ነገ ሲለወጥ ምክንያቱን ማስረዳት፣ የክትባትን የሚጠበቁ ቀላል የጎንዮሽ ምልክቶች አስቀድሞ መናገር፣ የነዋሪን ጥያቄ እንደ ተቃውሞ አለመቁጠር እምነትን ይጠብቃሉ። ሐሜትና የተሳሳተ ወሬ ሲሰማ ወሬውን ያመጣውን ሰው ከማሳፈር ይልቅ ጥያቄውን ለጤና ባለሙያ ማቅረብና መልሱን በዚያው ወሬው በተሰማበት ቦታ ማሰማት የተሻለ ውጤት አለው።

ኑሮ፦ የቡና ለቀማና የወባ ወቅት

በጅማ ዞን ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ የቡና ለቀማን ያህል ሰውን የሚያንቀሳቅስ ወቅት የለም። በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በጎማ፣ በሊሙ ኮሳ፣ በማናና በሌሎች ወረዳዎች ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ወደ ቡና ማሳ ይወጣሉ፤ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም ይሰማራሉ። ይህ ወቅት በኢትዮጵያ ከክረምት ዝናብ በኋላ ወባ ከሚበረታበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ካለው ጊዜ ጋር ይገጣጠማል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ትኩሳት የተሰማው ለቃሚ ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። ለመመርመር ሲሄድ የዕለቱን ገቢ ያጣል፤ ሕመሙን ችሎ ሲውል ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ የወባ ትንኝም ከእርሱ ወደ ሌሎች ታስተላልፋለች። ሌሊት ቡና ለመጠበቅ በጊዜያዊ ጎጆ የሚያድሩ ሰዎችም አጎበራቸው በቤት ውስጥ ተሰቅሎ እነርሱ ያለ አጎበር ያድራሉ። እነዚህን ሰዎች ቸልተኞች ብሎ መውቀስ መፍትሔ አይሆንም። አሠሪዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቀበሌ አስተዳደሮች ለቀማው ከመጀመሩ በፊት አራት ነገሮችን ቢያመቻቹ ተሳትፎው በቀላሉ ይጨምራል፦ ለሠራተኞች ማደሪያ የሚሆን አጎበር፣ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ እንዲሁም ትኩሳት የተሰማው ሠራተኛ ሥራውን ሳያጣ ወደ ጤና ኬላ የሚሄድበት ስምምነት።

በቤት ውስጥ የሚደረገው የፀረ ወባ ኬሚካል ርጭትም ማኅበራዊ ገጽታ አለው። የርጭት ሠራተኞች ሲመጡ ዕቃ ማውጣት፣ እህል መሸፈን፣ ለማያውቁት ሰው መኝታ ክፍልን መክፈት ያስፈልጋል። ቀኑ አስቀድሞ ካልተነገረ ቤቱ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ከርጭት በኋላ ለበዓል ወይም ለሠርግ ተብሎ ግድግዳው ሲለቀለቅ ወይም በአዲስ ጭቃ ሲመረግ ኬሚካሉ ተሸፍኖ ጥቅሙ ይቀራል። የርጭቱ ቀን ከአካባቢው በዓላትና ከሠርግ ወራት ጋር ተገናዝቦ ከነዋሪዎች ጋር ቢወሰን እንዲህ ያለው ብክነት ይቀንሳል።

እድር፣ ልቅሶና የቀብር ሥርዓት

እድር በችግር ጊዜ ሰው ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርግ ተቋም ነው። አባላቱን በስም ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ የትኛው ቤት ረዳት እንደሌለው ከማንም በፊት ይሰማል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ መንደር ያልተለመደ ቁጥር ያለው ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ሞት ሲከሠት እድሩ ይህን ለጤና ኬላ ቢያሳውቅ ወረርሽኝ ገና በጅምሩ ሊደረስበት ይችላል።

በሌላ በኩል ልቅሶ የሰዎች ብዛትና የጋራ ምግብ ያለበት በመሆኑ እንደ ኮሌራ ያሉ በሽታዎች በሚከሠቱበት ጊዜ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኮሌራ የሞተን ሰው አስከሬን ያለ መከላከያ ማጠብና ወዲያውኑ ምግብ ማዘጋጀት በሽታውን ሊያስፋፋ ይችላል። ሆኖም አስከሬንን በክብር ማጠብና መገነዝ በእስልምናም ሆነ በክርስትና ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ቦታ ስላለው ድንገተኛ ክልከላ ቤተሰቡን ሊያስቆጣና ሞትን ወደ መደበቅ ሊያመራ ይችላል። የተሻለው መንገድ ወረርሽኝ ሳይደርስ ኢማሞች፣ ካህናት፣ የእድር ኃላፊዎችና የጤና ባለሙያዎች አብረው በመቀመጥ የሟችን ክብርና የቤተሰቡን ሃይማኖት የሚጠብቅ፣ የሐዘንተኛውንም ጤና የማይጎዳ አሠራር መስማማት ነው።

የሴቶች ጊዜና የመወሰን ዕድል

ውኃ የሚቀዳው፣ ሕፃን የሚታጠበው፣ በሽተኛ የሚጠበቀው በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት ነው። አዳዲስ የጤና ምክሮች ሁሉ፣ ውኃ ማፍላት ይሁን የቤት ንጽሕና ወይም የክትባት ቀጠሮ፣ በተግባር የሚጨመሩት በእነርሱ የሥራ ሰዓት ላይ ነው። ለአብነት የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ዕድሜ ይሰጣል። ሁለተኛው መጠን ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ልጁ ጤነኛ ሆኖ ስለሚታይና ቀጠሮው ከገበያ ወይም ከለቀማ ቀን ጋር ስለሚጋጭ ነው። የክትባት ቀን ከገበያ ቀን ጋር ሳይጋጭ ሲወሰን፣ አባትም ልጁን ይዞ መሄድ እንደሚችል ሲለመድ የጀመሩት ክትባት የመጠናቀቅ ዕድሉ ይሰፋል።

የመወሰን ዕድልም እንዲሁ ወሳኝ ነው። እናት የሕፃኑን ትኩሳት ቀድማ ብታይም ለትራንስፖርትና ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ያለ ባል ፈቃድ መውሰድ የማትችል ከሆነ ሰዓታት ይባክናሉ። የጤና ትምህርቱ እናቶችን ብቻ ሳይሆን አባቶችንና አያቶችንም መድረስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። በአካባቢው በየቤቱ የሚፈላው ቡና ጎረቤታሞችን በየቀኑ የሚያገናኝ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ውይይት ከማንኛውም አዳራሽ የቀረበ መድረክ ነው። ቡናው ከመቅረቡ በፊት እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብን ልማድ ማድረግም ለብቻው ትልቅ እርምጃ ነው።

መገለልና ፍርሃት፦ የሳንባ ነቀርሳ ምሳሌ

የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ማንኛውም ሰው መመርመር ይኖርበታል። ነገር ግን በጎረቤት ዘንድ «ሳንባ አለበት» መባልን የሚፈራ ሰው ሳሉን በብርድ እያሳበበ፣ በቤት ውስጥ መድኃኒት እየሞከረ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ አብረውት የሚያድሩት ልጆች ለበሽታው ይጋለጣሉ። ስለዚህ መገለል የታማሚውን ስሜት ብቻ የሚጎዳ ሳይሆን በሽታውን የሚያሰራጭ ምክንያት ነው።

ትክክለኛ መረጃ ፍርሃትን ይቀንሳል። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር እንጂ በስኒ፣ በሳህን ወይም በመጨባበጥ አይደለም። ትክክለኛ ሕክምና የጀመረ ታማሚ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽታውን የማስተላለፍ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። በመደበኛው የቲቢ ሕክምና መድኃኒቱ ለስድስት ወራት ሳይቋረጥ መወሰድ ስላለበት ታማሚው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የሚያስታውሰውና የሚያበረታው ሰው ነው። ታማሚን ከቡናው ማስቀረት ሕክምናውን እንዲያቋርጥ ይገፋዋል፤ ቀጠሮውን ማስታወስ ግን መንደሩን በሙሉ ይጠብቃል። የጤና ባለሙያዎችም የታማሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።

ወጪና የጤና መድን

ብዙ ሰው በሽታው ሳይጠና የማይታከመው የሕክምና ወጪን በመፍራት ነው። ይህንን ለማቃለል በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከተመረጡት መካከል በጅማ ዞን የሚገኘው ሊሙ ኮሳ ወረዳ አንዱ ነበር። የመድኑ አሠራር ጤነኛው ለታመመው፣ ዛሬ ያለው ነገ ለሚቸግረው እንዲከፍል የሚያደርግ በመሆኑ ከእድር ባሕል ጋር ይዛመዳል። አባል ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮውን ከፍሎ በታመመ ጊዜ ከኪሱ ሳይከፍል ስለሚታከም ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲጀምር ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ይደፍራል። በቡና አምራች አካባቢዎች ገቢው የሚገባው ከለቀማ በኋላ ስለሆነ ለአባልነት እድሳት ገንዘቡን በዚያን ጊዜ ለይቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

ካለፈው የተገኙ ትምህርቶች

ኅብረተሰቡ ሲሳተፍ ምን ያህል ውጤት እንደሚገኝ የፈንጣጣ ታሪክ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። በአንዳንድ አካባቢዎች ክትባቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሥራው የተሳካው የበሽታው ምልክት በየገበያውና በየመንደሩ እየተጠየቀ፣ ታማሚ የተገኘበት ቤት ዙሪያ እየተከተበ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ በ1972 ዓ.ም. በይፋ ታወጀ። ታማሚ የት እንዳለ የነገሩት የየአካባቢው ነዋሪዎች ባይኖሩ ይህ ውጤት አይገኝም ነበር።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በዚሁ መርሕ ላይ የቆመ ነው። ባለሙያዎቹ በሚያገለግሉበት ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞሩ የቤተሰቡን ኑሮ ያውቃሉ። በጅማም በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በወረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት አሠራር ተማሪዎቹን በአካባቢው ከተሞችና መንደሮች በማሰማራት ችግሮችን ከነዋሪዎች ጋር እንዲለዩ ያደርጋል። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፦ ነዋሪው ስለ ራሱ አካባቢ የሚያውቀው ነገር ለመከላከል ሥራው እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ያስፈልጋል።

ነዋሪዎች ሊያደርጓቸው የሚችሉ ነገሮችና የሚያገኟቸው አገልግሎቶች

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የወባ ምርመራ ማድረግ፤ የተሰጠውን መድኃኒት ጨርሶ መውሰድ።

• አጣዳፊ ተቅማጥ ሲጀምር ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን፣ ወዲያውኑ መጠጣትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ የመጠጥ ውኃን ማፍላት ወይም በውኃ ማከሚያ ኬሚካል ማከም።

• ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ላለበት የቤተሰብ አባል የቲቢ ምርመራ ማስደረግ። የቲቢ ምርመራና ሕክምና እንዲሁም የሕፃናት መደበኛ ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

• የእድርና የማኅበር መሪዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን በመደበኛ ስብሰባቸው ላይ እንድትገኝ መጋበዝ፤ አባላት የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች አስቀድመው መሰብሰብ።

• የቡና አልሚዎችና አሠሪዎች ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በመነጋገር የሠራተኞችን ማደሪያ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የሕክምና መንገድ ማመቻቸት።

• በአካባቢው ያልተለመደ ሕመም ወይም ሞት ሲታይ ለቀበሌው ጤና ኬላ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማሳወቅ። ለአጠቃላይ የጤና መረጃ የጤና ሚኒስቴርን ነጻ የስልክ መስመር 952 መጠቀም ይቻላል።

ጥቆማ የሚያቀርብ ሰው የበሽታውን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። ያየውን ምልክት፣ የታመሙትን ሰዎች ብዛትና ቦታውን መናገር በቂ ነው። በሽታውን መርምሮ የመለየትና ተገቢውን እርምጃ የመውሰድ ኃላፊነት የጤና ባለሙያዎች ነው።